የቲማቲም ዘበኛ ሮሮ

ሐረር ላይ ተወልጄ፣ ሐረር ላይ ሸብቼ፣ ነገር እንዴት እንደሚደርቅ የሚያስተምረኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህ እኮ በማድረቅ የኖረ አገር ነው። የአንዳንዱ አገር ቡና ይፈለፈላል፣ በውሃ ይንቦጫረቃል፤ የሐረርጌ ቡና ግን ቀዩ ፍሬ ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በእጅ ይገለባበጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጀንፈል ይሆናል፣ ከዚያ ይወቀጣል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በፈረንጆች 1880 ዓ.ም. ግጥሙን ትቶ እዚህ የመጣው ይህንኑ ደረቅ ቡናና ቆዳ ዓደን ላለው አሠሪው ሊገዛ ነበር። ቆዳውም ደረቅ ነው። የቡናውን ገለባ ሐረሪዎች አይጥሉትም፤ ሀሸር አድርገው ያፈሉታል። ቅጠሉን ቁጢ ብለው ይጠጡታል። ሥጋውን ቋንጣ እናደርጋለን፣ እንጀራውን ድርቆሽ እናደርጋለን፣ በርበሬውን እናሰጣለን። ይህ አልበቃ ብሎን ሐይቅ አድርቀናል። ያውም ሙሉ ሐይቅ።

ይህን ሁሉ ያለ ኦቨን ያደረቀ ሕዝብ፣ ዛሬ አንድ ዘንቢል ቲማቲም ለማድረቅ ቆጣሪውን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስሮጥ ይውላል። በእኔ ቤት! በእኔ ጡረታ!

የነገሩ ጠንሳሽ የልጅ ልጄ ናት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምግብ ሳይንስ ተማረች። እኛ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ዓለማያ ኮሌጅ የምንለው፣ ድሮ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ያቋቋሙት ቦታ ነው። በእኛ ጊዜ ከዚያ የሚወጣ ልጅ ስለ ማሽላና ስለ በቆሎ ነበር የሚያወራው። ይቺ ግን ተመርቃ በመጣች ሰሞን በቀጥታ ማጀት ገባችና ኦቨኑን ከፈተችው።

ስለ ኦቨኑ ትንሽ ልበል። ልጄ ከድሬዳዋ፣ ከታይዋን ገበያ ገዝቶት፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። ለፋሲካ ድፎ ተብሎ ነበር። ድፎው ሥሩ አርሮ፣ ላዩ ጥሬ ሆኖ ወጣ፤ ባለቤቴም አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ኦቨኑ የመጥበሻና የድስት ክዳን መደርደሪያ ሆኖ በክብር ይኖር ነበር። በዚህች አገር ስንትና ስንት ኦቨን እንዲህ በሰላም ጡረታ ወጥቶ ተቀምጧል! የእኛውን ግን የተማረች ልጅ ቀሰቀሰችው።

መጀመሪያ ገበያ ተሄደ። ዘንቢል ተሸካሚው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሸዋ በር ገበያ ከየገጠሩ የመጡት ሴቶች ቲማቲሙን መደብ መደብ አድርገው ዘርግተዋል። ሰው እንደ ወጉ ወይ ይህን መደብ ወይ ያንን መደብ አንስቶ ይሄዳል። ይቺ ግን ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ታነሣለች፣ ትጫናለች፣ ትመልሳለች። ሞላላው ይሁን፣ ሥጋው የወፈረ ይሁን፣ ፍሬው ያነሰ ይሁን፣ በደንብ የቀላ ግን ያልላላ ይሁን። ክቡ ውሃ ብቻ ነው አለችኝ። ለፋብሪካ ተብለው መልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡ መልካ ሳልሳና መልካ ሾላ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ፣ እነሱ ቢገኙ ጥሩ ነበር አለችኝ። ሻጪቱን ጠይቂያት አልኳት። ጠየቀቻት። ሻጪቱም ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ይሄ ቲማቲም ነው» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ልታገቢው ነው እንዴ?»

ከዚያ ይታጠብ ተባለ። ሌላ ከተማ ላይ ይህ ተራ ነገር ነው። እኛ ግን ሐረሮች ነን፤ ቧንቧ ሲንኮሻኮሽ ከእንቅልፋችን የምንነቃ፣ በቢጫ ጀሪካን ብዛት የሰውን ሀብት የምንገምት ሕዝቦች ነን።

የሐረማያ ሐይቅ ከዚህ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወጣትነቴ ወፍ የሚሰፍርበት፣ ሰው በዓል ሲሆን ዳሩ ሄዶ የሚዝናናበት ሰፊ ውሃ ነበር፤ የሐረር ቧንቧም የሚሞላው ከእሱ ነበር። ቀስ በቀስ የውሃ ሞተር በየማሳው ተተከለ። ጫት ጠጣው፣ ድንች ጠጣው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ጠጡት፣ እኛም የከተማ ሰዎች በቧንቧ ጠጣነው፤ ከየተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ከሥር ሞላው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ አረፈው። በቅርብ ዓመታት ውሃው እየተመለሰ ነው፤ አምላክ ይጠብቀው። እኛ ግን እሱ ሲሞት ውሃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወረድን። ዛሬ የምንጠጣው ከሐሰሊሶ ጉድጓድ ተስቦ፣ በፓምፕ እየተገፋ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ወጥቶ የመጣ ውሃ ነው። ጠብ የምትለው ሁሉ ተራራ የወጣች ጠብታ ናት።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ሐይቁ ተሟጦ አትክልት ጠጣው። አትክልቱን ገበያ ሄደን ገዛነው። ከቆላ ዳገት ወጥቶ በመጣ ውሃ አጠብነው። ከመቶው 95 እጁ ውሃ የሆነውን ቲማቲም ገዝተን፣ አጥበን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ያንን ውሃ በመብራት እናባርረዋለን! እንፋሎቱ በመስኮት ሲወጣ እያየሁ፣ የሐረማያ ሐይቅ በሁለተኛ ሞቱ እየሞተ መሰለኝ። ይህን ለልጅቱ ብነግራት፣ «አባባ፣ ምግብ ማቆየት ማለት ውሃውን ማውጣት ነው፤ ውሃ ካለ ሻጋታ አለ» አለችኝ። ትክክል ናት። ቢሆንም ቆጣሪው ይሮጣል።

ሥራው እንዲህ ነው። ቲማቲሙ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ፍሬውና ውሃው በማንኪያ ይወጣል፤ ጨው ነስነስ ይደረግበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ያለቀሰው ውሃ ይደፋል። ከዚያ የተቆረጠው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ በሽቦው ወንፊት ላይ ይደረደራል፤ ሳይነካካ። ኦቨኑ 90 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠበሳል እንጂ አይደርቅም። አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ፦ በሩ አይዘጋም። ማማሰያ ተሸጉጦበት ገርበብ ብሎ ይውላል። እንፋሎቱ ይውጣ ነዋ! እናቴ ነፍሷን ይማረው፣ አንድ በር ክፍት ትቼ ስወጣ ሙቀቱን ለጎረቤት አደልከው ብላ ነበር የምትቆጣኝ። ዛሬ ባለዲግሪ ልጅ ሙቀት በዲግሪ ለክታ ለማጀት ታድላለች።

ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁ። «ከ6 እስከ 10 ሰዓት፣ እንደ ቲማቲሙ» አለችኝ። ከቀኑ 6 እስከ 10 መስሎኝ ነበር፤ ለካ ርዝመቱ ነው! ያን ያህል ጊዜ ማን ይጠብቀዋል ስል ደግሞ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ከቤት አይወጡም።» የሠላሳ ዓመት የመንግሥት አገልግሎቴ መጨረሻው ይኸው ሆነ። ዘበኛ አደረጉኝ። የዘበኛ ካፖርት እንኳ አልሰጡኝም።

ጥበቃው ደግሞ መቀመጥ ብቻ አይደለም። የኦቨን ሙቀት እኩል አይደርስም፤ የኋላው ሲያር የፊተኛው ገና ይነፋረቃል። ስለዚህ በየጊዜው ወንፊቱ ይዞራል። ትንንሾቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ እነሱን እየለቀሙ ማውጣት ነው። ደረሰ የሚባለው ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሚለመጥ፣ ሲጫኑት ግን ጠብታ የማያወጣ ሲሆን ነው። አያችሁ፣ ተምሬያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ቲማቲሞቹ ጭምድድ ብለው ልክ እኔን መሰሉ። እኔ ለዚህ ፊት 70 ዓመት ፈጅቶብኛል።

አሥር ኪሎ የገባበት አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ይወጣል። በግማሽ ጠርሙስ ቀይ ነገር ፊት ቆሞ የሚጨፍር ቤተሰብ አያለሁ። የእኛ ዓይነቱ ኦቨን 2 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ቴርሞስታቱ እያጠፋ ቢያበራውም፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ዕረፍቱ አጭር ነው። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መደረጉን ይህ ቤት የሚያውቀው በእኔ በኩል ብቻ ነው፤ ቢሉን የምከፍለው እኔ ነኛ።

ለምን በፀሐይ አይሆንም? ይህን ያልጠየቅኩበት ቀን የለም። ጣሊያኖች ራሳቸው፣ በስተደቡብ ያሉት፣ በጨው ነስንሰው በበጋ ፀሐይ ጣሪያ ላይ አውጥተው ነው ለክረምታቸው የሚያደርቁት። ሐረርን ከሚያዝያ 1928 መጨረሻ እስከ መጋቢት 1933 ይዘው ሲቀመጡ ፓስታና ማካሮኒ አስለምደውን ሄዱ፤ ይህን ግን አላሳዩንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሊያንን ሥራ ያመሰገንኩት በዚህ በፀሐይ ማድረቃቸው ነው። የልጅቱ መልስ ግን ዝግጁ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ደስ ይላል እንጂ አያቃጥልም፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ አለ፣ ደመና አለ። ቡና ቆዳው ይሸፍነዋል፤ የተሰነጠቀ ቲማቲም ግን ገላው ራቁት ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። እንግዲያው ድሬዳዋ ይላክ፣ እዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢጥሉት በሁለት ቀን ድንጋይ ይሆናል አልኳት። «የሚኒባሱንስ ሒሳብ?» አለችኝ። በእኔው ሒሳብ ያዘችኝ።

አንድ ቀን ግን ፀሐይ የግድ ሆነ። መብራት ሄደ። ኦቨኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ቲማቲሙም ለብ ብሎ ቀረ፤ ለብ ያለ ነገር ደግሞ የሻጋታ ሠርግ ቤት ነው ተባለ። ወንፊቱን ተሸክሜ ግቢ አወጣሁት። በዚያ ቀን ጀጎል ውስጥ የሚኖረው ወዳጄ ሐጂ ለወሬ መጥቶ፣ ነጭ ኮፊያውን ደፍቶ፣ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሐረርን የሚያውቅ የጊድር መጋላን ጭላቶች ያውቃል፤ ከሥጋ ገበያው ሰማይ ላይ እየዞሩ፣ ሰው ይዞት የሚሄደውን ሥጋ ከእጁ ነጥቀው የሚሄዱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሠፈር ሳይቀይር አልቀረም። ከላይ ሆኖ ቀይ፣ ጨው የነካው፣ በሥርዓት የተደረደረ ነገር አየ። ወረደ፣ መነተፈ፣ ወጣ። ከዚያ ቀመሰው መሰለኝ፣ ከነንቀቱ ለቀቀው። ያረፈው ሐጂ ኮፊያ ላይ ነው። ሐጂ ኮፊያውን አወለቀ፣ አየው፣ ወደ ሰማይ አየ። «አቦ! እንጀራውስ መቼ ነው የሚወርደው?» አለ።

የቲማቲሙን ሐሳብ ለሐጂ ሳስረዳው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ለዓሹራ እኮ ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ነው የምናቀርበው» አለኝ። እውነት ነው። በዓሹራ ሌሊት ጅቡ ገንፎውን ከበላ ዘመኑ መልካም ይሆናል ይባላል። ጅቧን ገንፎ በቅቤ የምታበላ ከተማ፣ አዛውንቷን ጭምድድ ቲማቲም አስጠብቃ ታውለዋለች!

ማድረቁ አልቆ አሁን ደግሞ የማስቀመጡ ጣጣ። ፈረንጅ የወይራ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። የወይራ ዘይት! የኑግና የሱፍ ዘይት ዋጋ ራሱ በጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሌላ በሆነበት ዘመን። ባለቤቴ ሙያ ልትጨምርበት ነጭ ሽንኩርት ልትከትፍበት ስትል ደግሞ ልጅቱ ጮኸች። በዚህ ጊዜ ከልጅቱ ጎን ቆሜያለሁ፤ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ያድጋል፤ ዘይት ደግሞ አየር ይከለክላል፤ ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ይዞት ሊመጣ ይችላል። ሽታው አይለወጥም፣ መልኩ አይለወጥም፣ ሰው ግን ይገድላል። ስለዚህ በዘይት የተነከረ ነገር ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ቀን ይበላል እንጂ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ አይቀመጥም። ፍሪጁ ደግሞ ያው መብራት ነው፤ መብራቱም ያው መብራት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር፤ የተመለሰልኝን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ ሮሮ ቢሆንም ፍርድ አላጣምም። ቲማቲም ሲደርስ ሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ከሐረማያና ከሐረርጌው ኮምቦልቻ የሚወጣው አትክልት ጅግጅጋ፣ ሐርጌሳና ጅቡቲ ድረስ የሚጫን ነው፤ መኪናው ከቀረ ወይም ገበያው ከሞላ ግን ሻጪቱ የጠዋቱን መደብ ማታ እጥፍ አድርጋ ትሰጣለች፤ የቀረውን ፍየል ይበላዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብና በሽታ ቅጠሉን ይጨርሰዋል፤ ያኔ ያቺው ሻጭ አንዱን ፍሬ እንደ ሎሚ ቆጥራ ትሸጣለች። ይህ ውጣ ውረድ በየዓመቱ ያው ነው፤ እኛም በየዓመቱ እንደ አዲስ እንገረማለን። ድሮ ለክፉ ቀን የመርቲ ድልህ በቆርቆሮ ይገዛ ነበር። አሁን ልጅቱ ለክፉው ቀን በራሷ ቆርቆሮ እየተዘጋጀች ነው። ዋጋው በወረደበት ሳምንት የተገዛ ቲማቲም፣ የመብራቱ ሒሳብ ተጨምሮበትም፣ ከሐምሌ ቲማቲም ላይረክስ ይችላል፤ ቢያንስ ግን ይገኛል። ይህን የምለው ቀስ ብዬ ነው፤ እንዳትሰማኝ።

ጣዕሙንም አልሰድበውም። ፓስታ ውስጥ ገብቶ በላሁት፤ ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ምላስ ይነክሳል። በጾም ቀን ሽሮ ውስጥ የገባው ግን የበለጠ ነበር። ደግሞ ይህ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ከባለቤቴ ነው። ልጅቱ ለፈረንጅ ምግብ ብላ እንደ ቆዳ የምትተወውን፣ ባለቤቴ እዚያው ኦቨን ውስጥ ጥቂት አቆይታ እስኪሰበር አደረቀችው። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ከታ ወቀጠችው። ቀይ ዱቄት ሆነ። ዘይት አይፈልግ፣ ፍሪጅ አይፈልግ፤ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑ ጠብቆ ከተቀመጠ ክረምቱን ይሻገራል። አንድ ማንኪያ ለሽሮ፣ አንድ ማንኪያ ለምስር፤ ስልሱም ቶሎ ይወፍራል። ክዳኑ ከላላ ግን እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፤ ያኔ ሙሉ ቀን የጠበቅኩት ድካም ድንጋይ ይሆናል።

ፍርዴ እንግዲህ ይኸው ነው። በዘይት ተነክሮ በጠርሙስ የሚታየው ለፎቶ ነው፤ ቤት የሚያኖረው ዱቄቱ ነው። የግድ አድርቁ ከተባላችሁ ገበያው ሲሞላ ግዙ፣ ኦቨኑን በሙሉ ወንፊቱ አንድ ጊዜ ሙሉት እንጂ ለአንድ ሰሃን አታብሩት፣ እስኪሰበር አድርቁ፣ ውቀጡ፣ ክዳኑን አጥብቁ። ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ለአትክልት አጠጡበት፣ ሐሰሊሶ ሩቅ ነው። ዘበኛ ካስፈለጋችሁ ግን ሌላ ጡረተኛ ፈልጉ። እኔ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከሐጂ ጋር ቡና ላይ ነኝ፤ ሥራም አልቀበልም።